ጓዝ ጠቅልሎ ወደ ባሕር ዳር፦ ርካሽነቱ ከየት ይመጣል?

«ባሕር ዳር የቤት ኪራይ ስንት ገባ?»

ይህ ጥያቄ በወር ሁለት ሦስቴ ስልኬ ላይ ይመጣል። የሚደውሉልኝ አዲስ አበባ ያሉ የድሮ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አብረን የተማርን ጓደኞቼ፣ አንዳንዴም ስማቸው ጠፍቶብኝ በድምፃቸው ብቻ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ድሮ የሚደውሉት ለሽርሽር ነበር። የትኛው ሆቴል ይሻላል? ጀልባው ስንት ነው? ጢስ ዓባይ አሁን ውሃ አለው ወይ? አሁን የሚጠይቁት ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መብራትና ስለ ውሃ ነው። ሊጎበኝ የሚመጣና ሊኖር የሚመጣ ሰው ጥያቄያቸው አይመሳሰልም።

ከደዋዮቹ አንዱ ሰሚት የሚኖር ወዳጄ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነው። ሥራው ከሞላ ጎደል በላፕቶፕ ያልቃል፤ አለቆቹም «በወር አንዴ ብቅ ካልክ ይበቃል» ብለውታል። «ጠዋት ልጄ ሳትነቃ እወጣለሁ፣ ማታ ተኝታ አገኛታለሁ» አለኝ። «ደመወዜን ደግሞ ከእኔ በፊት አከራዬ ያውቀዋል።»

እኔም ከዓመታት በፊት ያንኑ መንገድ ሄጄበታለሁ፤ ስለዚህ አልፈረድኩበትም። ግን «ና፣ ርካሽ ነው» ብዬ ስልኩን መዝጋትም ከበደኝ። ርካሽ ነው ወይ? አዎ፣ ነው። ችግሩ ርካሽነቱ የከተማዋ አለመሆኑ ላይ ነው። የባሕር ዳር ርካሽነት የጎጃም ገበሬ ርካሽነት ነው። ከተማዋ የምታገኘው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው።

አዲስ አበባ ሰውን ለምን እንደምትገፋ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶውም፣ ዘይቱም፣ የልጅ ጫማውም ተከተሉት። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ እንዲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ አለ። ቤት ውስጥ ላለ ተከራይ እፎይታ ነው። አዲስ ቤት ለሚፈልግ ግን ሌላ ነገር ነው። አከራዩ የሁለት ዓመቱን ጭማሪ አስቦ ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቅሃል። በዚያ ላይ የመልሶ ማልማቱ ሥራ ብዙ ሰው ከመሐል ወደ ዳር አወጣ። ዳር የወጣ ሰው ኪራዩ ቢቀልለው እንኳ ልዩነቱን ለታክሲ ይከፍለዋል፤ ጊዜውን ደግሞ ለሰልፍ።

ሰው ባሕር ዳር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገርመው ዋጋው አይደለም፤ ሰዓቱ ነው። ከፔዳ፣ ማለትም ከድሮው የመምህራን ኮሌጅ፣ እስከ ቅዳሜ ገበያ ባጃጅ ይዘህ ትደርሳለህ። ሳይክል ያለው ደግሞ ባጃጅም አያስፈልገውም፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሄዶ በልቶ የሚመለስ የቢሮ ሠራተኛ አዲስ አበባ ውስጥ ከታየ ስንት ዘመኑ ነው? እዚህ ተራ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገበያው እንሂድ፤ ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚያ ነውና።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ገደማ። ሽንኩርት ክምሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ ይሄ ከየት የመጣ ነው?» አልኳቸው። «ኧረ ከመራዊ ነው፤ ከየት ሊመጣ ኖሯል?» ብለው ሳቁብኝ። መራዊ ከባሕር ዳር ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ናት። አጠገቧ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ አለ። በበጋ የምንበላው ሽንኩርትና ድንች አብዛኛው ከዚያ ይመጣል። ከእሳቸው ጎን የተቀመጠችው ልጅ ነጭ ሽንኩርት በመደብ ከፍላ ደርድራለች። ትንሽ አለፍ ሲሉ ጤፍ ነጋዴው አንድ እፍኝ አንስቶ መዳፌ ላይ ያፈስስልኛል። «የአዴት ማኛ ነው፣ ንፋው እስኪ!» እኔ ማኛን ከሠርገኛ በላይ መለየት አልችልም፤ ግን እንደሚያውቅ ሰው እፍ እላለሁ። አዴት አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት።

ይኸው ጤፍ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ሲደርስ ስንት እጅ ነክቶታል? የገበሬው ገበያ ላይ ሰብሳቢ አለ። ከዚያ ጫኝና አውራጅ፣ የጭነት መኪና፣ ኬላ፣ ደላላ፣ የእህል በረንዳው ነጋዴ፣ ከዚያ የሰፈርህ ወፍጮ ቤት። ከመነሻው እስከ ምጣዱ ባለው መንገድ ሁሉም የራሱን ይቆነጥራል። ባሕር ዳር ያለ ሰው ከእነዚህ ግማሾቹን ይዘላል። ርካሽነቱ ይሄ ነው። ሌላ ተአምር የለውም። ዓሣውም እንዲሁ ነው። ከጣና የወጣው ቀረሶና አምባዛ እዚሁ ይሸጣል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ብቻ ዋጋው ቀና ይላል። ቡና ከፈለግህ የዘጌ አለልህ። ማሩንማ ጎጃም ለተወለደ ሰው ማውራት ነውር ነው።

ግን ዘንቢሉ ሁለት ነው። አንዱ የገጠሩ ዘንቢል ነው፤ ጤፍ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ዓሣ፣ እንቁላል። ሌላው የአዲስ አበባው ነው፤ ዘይት፣ ሳሙና፣ ዳይፐር፣ የስልክ መለዋወጫ፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት። ሁለተኛው ከጂቡቲ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዓባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ ነው የሚመጣው። 565 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው በደብረ ማርቆስ ሲመጣ፤ በሞጣ በኩል ያጥራል። የዚያን ሁሉ መንገድ ነዳጅ ማን ይከፍላል? አንተ። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ያለው፣ ዳቦ በልቶ ፓስታ የሚያዘወትር፣ ዕቃው ሁሉ ከሱፐርማርኬት የሚመጣ ቤተሰብ ባሕር ዳር ሲገባ «የታለ ርካሽነቱ?» ብሎ ይጠይቃል። ሹሮና እንጀራ የሚበላ፣ እህሉን በኩንታል ገዝቶ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ግን ልዩነቱን በመጀመሪያው ወር ያየዋል። ወዳጄን መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ደመወዙ አልነበረም። «እናንተ ቤት እንጀራ ትጋግራላችሁ ወይስ ትገዛላችሁ?» ነበር ያልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ከተማዋ ያለ ዕቅድ ያበጠች አይደለችም፤ ይሄም ከሚስባቸው ነገሮች አንዱ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ። በ1955 የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በሶቪየት እርዳታ ተከፈተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን አወጡላት። ሰፋፊ መንገዶቿና ዘንባባዎቿ የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። ንጉሡ በዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል፤ ዋና ከተማውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ነበር እየተባለም ይነገራል። ዋና ከተማነቱ ቀረና ክልሉን አገኘች። ከ1980ዎቹ ወዲህ የክልሉ መቀመጫ መሆኗ ቢሮ አመጣ፣ ቢሮው ሠራተኛ አመጣ፣ ሠራተኛው ኪራይ አመጣ። በ1992 ፖሊና ፔዳ ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ እኛ ግን ዛሬም «ፖሊ ነኝ»፣ «ፔዳ ነኝ» ነው የምንባባለው።

በ1987 ቆጠራ ከ96 ሺህ ትንሽ የሚበልጥ ሰው ነበራት። በ1999 ከ180 ሺህ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተደረገም፤ ቤቶቹን ግን ዓይን ይቆጥራቸዋል። ዓባይ ማዶ ድሮ ዳር ነበረች። ግንቦት 2016 ላይ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሲመረቅ ዓባይ ማዶ መሐል ከተማ ሆነች ማለት ይቻላል። የድሮው ድልድይ ላይ መኪና እስኪያልፍ ቆሞ የጠበቀ ሰው ይሄን ያውቃል። ድልድዩ ጊዜ ቆጠበልን። ኪራዩንም ይዞት ወጣ።

ስለ ቤት ሳወራ ትንሽ ቂም አለብኝ፤ አስቀድሜ ልናገር።

እንደመጣሁ አንድ ደላላ ሁለት ክፍል ቤት አሳየኝ። ግቢው ማንጎ አለው፣ አከራይዋ ሰው የሚወዱ እናት ናቸው፣ ዋጋው አዲስ አበባ ከምከፍለው ግማሹም አይሞላም። «እማማ፣ ውሃ አለ?» አልኩ። «አለ እንጂ ልጄ፣ ያውልህ!» ብለው ሮቶውን አሳዩኝ። የሦስት ወር ቅድሚያ ከፈልኩ፣ ለደላላውም ድርሻውን ሰጠሁ። ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ያለው ሮቶው ነው። ውሃው በሳምንት ሁለቴ ሌሊት ይመጣል፣ ሮቶውን ሳይሞላ ይሄዳል። ሐይቅ አጠገብ ተኝቼ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ባልዲ ስደረድር ራሴን አገኘሁት። እማማ አልዋሹኝም፤ እኔ ነኝ በአዲስ አበባ አማርኛ የጠየቅሁት። ለሚመጡ ሁሉ የምመክረው ይሄን ነው፦ «ውሃ አለ?» አትበሉ። «ውሃ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣል?» በሉ። መልሱን ደግሞ ከአከራዩ ሳይሆን ከጎረቤት ተከራይ ስሙ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት የተነገረው ለተከራይ ይመስለኛል። የእኔ ግንድ ቁምሳጥኔ ነው። በሽምብጥ በኩል ሲያወጡት አንድ እግሩ ተሰብሮ ዛሬም በጡብ ቆሟል።

መከራየት ሰልችቶት ልግዛ የሚለውስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በክልሉ የመንግሥት ሠራተኛው በቤት ማኅበር እየተደራጀ በምደባ ቦታ ሲያገኝ ኖሯል። ከተማዋ ዳር ዳሩን ያደገችው በእነዚያ የማኅበር ቤቶች ነው። ትናንት ከሰሚት የመጣ ሰው ግን ያ ወረፋ ውስጥ የለም። የሊዝ ጨረታው ደግሞ ለባለ ብር ነው። ስለዚህ ወይ ካርታ ያለው ቤት በሙሉ ዋጋ ይገዛል፣ ወይ ደላላው ወደ ዳር ይወስደዋል። ዳር ላይ ያለው «ርካሽ ቦታ» አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ መሬት ነው። ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፣ ውል ይጻፋል፣ ብር ይከፈላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ያ ወረቀት ለሽማግሌዎቹ ማስታወሻ ሊሆን ይችላል እንጂ ካርታ አይሆንም። ጨረቃ ቤት በሌሊት ይሠራል፤ በጠዋት ሲፈርስ ግን ሁሉም ያየዋል።

ሌላም የማይወራ ነገር አለ። ወደ መሸንቲም ሆነ ወደ ዘንዘልማ ስትወጣ በአንድ በኩል ማሳ፣ በሌላ በኩል ጂ ፕላስ ዋን ቤት ታያለህ። ከተማዋ ስታድግ የምትበላው ያንኑ ርካሽ ያደረጋትን መሬት ነው። ገበሬው ካሳውን ይዞ ወደ ከተማ ይገባል፤ በዓመቱ እሱም ሽንኩርት ገዢ ነው። ይሄ በአንድ ዓመት ዋጋ ላይ አይታይም። በአሥር ዓመት ይታያል።

ማን ይጠቀማል ታዲያ? የመንግሥት ደመወዝ መደብ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ዝውውር ያገኘ መምህር ወይም ነርስ ሳይጠይቅ ጭማሪ እንዳገኘ ይቁጠረው። ገቢው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። እዚህ መጥቶ ሥራ የሚፈልገው ግን ይቸገራል። ፋብሪካና ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ ሆቴሎች አሉ፣ ሆኖም ሆቴሎቹ ጎብኚ ከራቃቸው ቆይቷል። ሱቅ ልክፈት የሚለውም ልብ ይበል። ኑሮ የረከሰበት ከተማ የደንበኛው ኪስም ቀጭን ነው። ቦሌ ላይ በቀን የምትሸጠውን ጫማ ፔዳ ላይ በሳምንት ብትሸጥ ጎበዝ ነህ።

እዚህ ከተማ የተወለደች አንዲት የቢሮ ጓደኛዬ ስለ እኛ መጤዎች ያለችኝን አልረሳም። «እናንተ ዋጋ አትከራከሩም። አከራዩ ሲናገር በአዲስ አበባ ሒሳብ ታስቡና እሺ ትላላችሁ። ከዚያ እኔን ‹ጨምሪ› ይለኛል።» መልስ አልነበረኝም። ሻዩን እኔ ከፈልኩ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሰላሙን ሳያነሳ ስለ ጎጃም ኑሮ የሚያወራ ሰው ቤት ሻጭ ነው።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ ጎጃምን ከምንም በላይ ጎድቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሥር ወር ቆየ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እስኪ አስቡት፣ «ከቤቴ ሆኜ በላፕቶፕ እሠራለሁ» ብሎ የመጣን ሰው። ወዳጄን ይሄን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

የመንገዱ ጉዳይ ከዚህ በላይ የተነገረለትን ርካሽነት ይገለብጠዋል። መንገድ ሲዘጋ ሁለቱም ዘንቢሎች ባዶ ይሆናሉ። የአዴቱ ገበሬ ጤፉን ይዞ አይወጣም፣ የአዲስ አበባው መኪና ዘይቱን ይዞ አይገባም። ጤፍ ማሳው ላይ ርካሽ ሆኖ ከተማው ውስጥ ይወደዳል። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁ ያሰኘውን ይጠይቃል። ማታ ሱቁ በጊዜ ይዘጋል፤ ሐይቁ ዳር አምሽቶ መጫወት የሚባለው ነገር እንደ ድሮው አይደለም።

ኪራዩ ግን አይወርድም! እኔን መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ ይሄ ነበር። ጦርነት ያለበት አካባቢ ኪራይ ለምን ይወጣል? መልሱ ጎረቤቴ ሆኖ መጣ። ከወረዳ ከተማ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ ነው፣ አምስት ልጆች አሉት። ልጆቹ ትምህርት ስለቆመባቸው ነው የመጣው። እንደ እሱ ያለው ብዙ ነው። ለገጠሩ ሰው ባሕር ዳር የተሻለች መጠጊያ ናት። በሌላ በኩል የባሕር ዳር ባለ ሀብት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ይተላለፋል፦ ርካሽ ኑሮ ፈልጎ የሚመጣ፣ መጠለያ ፈልጎ የሚመጣና ሰላም ፈልጎ የሚሄድ። ደላላው ሦስቱንም ያውቃቸዋል።

አውሮፕላን አለ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን የአዲስ አበባ ሰው ስትሆን ለቅሶው እዚያ ነው፣ ሠርጉ እዚያ ነው፣ ዕድርህም እዚያ ነው። በመኪና መሄድ ባልተቻለበት ወር አንድ ለቅሶና አንድ ክርስትና ከገጠመህ ከኪራይ ያተረፍከው ደርሶ መልስ ቲኬት ሆኖ ያልቃል። ይሄን ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ወባ አለ፤ አጎበር ግዙ። ሚያዝያ ላይ ይሞቃል፣ እንቅልፍ ያሳጣል። እምቦጭ ሐይቁን አልለቀቀም። ሕክምናው ደህና ነው፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሪፈራል የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ናቸው። ሙቀቱን የሚፈራ ደብረ ማርቆስን ይይ። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ደጋ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ኪራዩም ከዚህ ይቀልላል። ሥራው ግን የዚያኑ ያህል ያንሳል፤ የማርቆስ ሰው ከተማውን በድሮ ስሟ «መንቆረር» ሲል የሚሰማህ ኩራት ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። ይሄን ስል የማርቆስ ጓደኞቼ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ወዳጄ በመጨረሻ መጣ። እንደመከርኩት ቤት አልገዛም፤ አዲስ አበባ ያለውንም ውል አላፈረሰም፣ ለእህቱ አስተላለፈው። ፔዳ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራየ። ውሃው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት እንደሚመጣ ከጎረቤት ጠይቆ ነው የገባው። ልጁ ሳይክል መንዳት ለምዳለች። ሚስቱ ምጣድ ገዝታ መጋገር ጀምራለች። ባለፈው ቅዳሜ ገበያ አግኝቼው ጤፍ መዳፉ ላይ አፍስሶ እፍ ሲል አየሁት፤ ከእኔ የተሻለ ያውቅበታል።

«እንግዲህ የባሕር ዳር ሰው ሆንክ» አልኩት።

«ገና ነኝ» አለኝ። «ፍሪጁን አላመጣሁትም። ሰሚት እህቴ ጋ ነው። መንገዱን እያየሁ ነው።»